ባላዩት ደም መማል

ገዳዩ ያልተለየ ወይም ፍርዱ ሰውን ያላረካ የግድያ ታሪክ ሲወራ ሰምቶ ዝም የሚል ጥቂት ነው። ሁሉም «እኔን ብትጠይቁኝ ገዳዩ እገሌ ነው» ማለት ይቀናዋል። ድሮ እንዲህ ያለው ግምት ከቡናው ጋር ተነስቶ ከሲኒው ጋር ይታጠብ ነበር። ዛሬ ግን በኢንተርኔት ይጻፋል፣ በድምፅ ይቀረጻል። ሟቿንም ተጠርጣሪውንም በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ከሌላ አህጉር ሆኖ ይፈርዳል። ልጆቻችንም በስልካቸው ይህንኑ ሲያዳምጡ ያመሻሉ።

ይህን የግምት ሥራ ለመመርመር በአሜሪካ «ሲሪያል» በሚል ስም የተሰራጨውን ዝግጅትና ከእሱ በኋላ የተነሳውን ወሬ መርጫለሁ። የመረጥኩበት ምክንያት ተከሳሹ ሙስሊም መሆኑ ነው። ይህ ደግሞ እኛንም ይፈትነናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 1999 በሜሪላንድ ግዛት፣ ከባልቲሞር ከተማ አጠገብ፣ ሄ ሚን ሊ የተባለች የ18 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤቷ ወጣች። አንድ ሕፃን ዘመዷን ከመዋዕለ ሕፃናት መውሰድ ነበረባት፤ ሳትደርስ ቀረች። ቤተሰቧ ከኮሪያ የመጣ ነው። ፌብሩዋሪ 9 ቀን ሊኪን ፓርክ በተባለ ጫካ ውስጥ አስከሬኗ ተገኘ፤ ታንቃ ነበር የተገደለችው። በዚያው ወር መጨረሻ የቀድሞ ወዳጇ አድናን ሰይድ ተያዘ። የፓኪስታን ተወላጆች ልጅ ነው፤ ዕድሜው 17 ነበር። ከልጅቷ ጋር የነበረውን ግንኙነት ከወላጆቹ ደብቆ ነበር የያዘው። በፌብሩዋሪ 2000 ጥፋተኛ ተባለ፤ ዕድሜ ልክና ተጨማሪ 30 ዓመት ተፈረደበት። ፍርዱ በዋናነት የተመሠረተው አስከሬኗን ሲቀብር ረድቼዋለሁ ባለ አንድ ምስክርና በተንቀሳቃሽ ስልክ መዝገብ ላይ ነው። አድናን ግን አልገደልኩም ማለቱን እስከ ዛሬ አልተወም።

የቤተሰቡ ወዳጅ የሆነች ራቢያ ቻውድሪ የተባለች ሙስሊም ጠበቃ ጉዳዩን ለጋዜጠኛ ሣራ ኬኒግ አቀረበች። ኬኒግም በ2014 በ12 ክፍል አዘጋጅታ በኢንተርኔት አሰራጨችው። ከ100 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ተወስዶ ተደምጧል፤ በ2015 የፒቦዲ ሽልማት አግኝቷል።

ፍትሐዊ ለመሆን መልካሙን እናስቀድም። ጋዜጠኛዋ መዝገቡን አገላብጣለች፤ ዐቃቤ ሕግ ያለውን የጊዜ ስሌት በዚያው መንገድ መኪና ነድታ ፈትናለች፤ ያልገባትን አልገባኝም ብላለች። ይህ ከብዙዎቹ ተከታዮቿ ይለያታል። ጉድለቱ ያለው በአቀራረቡ ነው። ምርመራዋን ሳትጨርስ በየሳምንቱ አንድ ክፍል ታወጣለች፤ አድማጩ እንደ ልብ ወለድ ቀጣዩን ይጠብቃል። ሳምንት ሙሉ ደግሞ ባዶ እጁን አይቀመጥም፤ ይገምታል። ዛሬ አድናን ገዳይ ነው፣ በሳምንቱ ምስክሩ ነው፣ ከዚያ ሌላ ሰው ነው። በስም እየጠሩ ያስባሉ፣ በስም እየጠሩ ይፈርዳሉ። ዋናው ምስክር የማያውቃቸው ሰዎች ቤቱ ድረስ እንደመጡበት ተናግሯል። ሰውየው ይዋሽ እውነት ይናገር እኔ አላውቅም፤ እቤቱ የሄዱትም አያውቁም።

ከሁሉ ያሳዘነኝ የሟቿ የግል ማስታወሻ ነው። ልጅቷ የልቧን የጻፈችበት ደብተር ለችሎት ማስረጃ ሆኖ ቀርቦ ነበር፤ ይሁን፣ ለፍርድ ነው። በዚህ ዝግጅት ግን ከደብተሩ እየተነበበ ለዓለም ሕዝብ ተሰማ። ሚስጥሯን ለማን እንደምትነግር የመምረጥ መብቷን መጀመሪያ ገዳዩ ወሰደባት፤ የቀረውን ደግሞ አድማጭ ተከፋፈለው። ኬኒግ ቤተሰቧን ለማግኘት ሞክራ አልተሳካላትም፤ ዝግጅቱ ግን ያለ እነሱ ቀጠለ። ወንድሟ በዚያው ዓመት ለአድማጮቹ ሲጽፍ ለእናንተ የወንጀል ታሪክ የሆነው ለእኔ ኑሮዬ ነው የሚል ሐሳብ ነበር ያስተላለፈው። ከስምንት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ፊትም ይህንኑ ደገመ።

ውድ አንባብያን! በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመንም ገዳዩ ሳይታወቅ የቀረ ግድያ ነበር። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ዐብዱላህ ኢብኑ ሰህልና ሙሐይሳ ኢብኑ መስዑድ ወደ ኸይበር ሄዱ። ከኸይበር አይሁዶች ጋር የሰላም ውል የነበረበት ጊዜ ነው። ሁለቱ በተምር ዛፎቹ መሀል ተለያዩ፤ ቆይቶ ዐብዱላህ ተገድሎ ተገኘ። እስቲ አስቡት! ቦታው የአይሁዶቹ ነው፤ የቆየ ጠላትነት አለ፤ ሌላ የሚጠረጠር ሰው በአካባቢው አይታይም። የዛሬ ገማች ይህን ሁሉ ቢያገኝ ለፍርዱ አንድ ሌሊት አይበቃውም?

የሟቹ ወንድም ዐብዱረሕማን ከሙሐይሳና ከሑወይሳ ጋር ሆኖ ነቢዩ ዘንድ መጣ። በዕድሜ ትንሹ እሱ ነበርና ለመናገር ሲቀድም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለታላቅ ቅድሚያ እንዲሰጥ አሳሰቡት። በሐዘን የተቃጠለ ወንድም እንኳ በሥርዓት ነው የሚናገረው። ከዚያም ከመካከላቸው ሃምሳ ሰዎች ቢምሉ የሟቻቸው ደም መብት እንደሚረጋገጥላቸው ተነገራቸው። እነሱም በቦታው እንዳልነበሩ፣ እንዳላዩ፣ ስለዚህም ሊምሉ እንደማይችሉ ተናገሩ። እንግዲያው አይሁዶቹ ሃምሳ መሐላ ምለው ነጻ ይውጡ ሲባል፣ የእነሱን መሐላ ለመቀበል ልባቸው አልፈቀደም። ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ደሙ ከንቱ ሆኖ እንዳይቀር የ100 ግመል ካሳ በራሳቸው በኩል ከፈሉ። ሐዲሡን ያስተላለፉት ሰህል ኢብኑ አቢ ሐስማ (ረ.ዐ) ከግመሎቹ አንዷ ረግጣቸው እንደነበር ሳይቀር ያስታውሳሉ። (ስለ ቀሳማ መሐላ አፈጻጸም መዝሀቦች ይለያያሉ፤ እሱን ለፊቅህ መምህሮቻችን እንተወው።)

እነዚህ ሰዎች የደም ባለቤቶች ነበሩ። አንድ መሐላ ብቻ ነበር የቀራቸው። የሚጠረጥሩትም ከሃይማኖታቸው ውጭ የሆነ ሕዝብ ነው፤ ቢምሉ ማን ይወቅሳቸዋል? ግን ጥርጣሬያቸውን ዕውቀት ብለው አልጠሩትም። ነቢዩም ቢሆኑ ነገሩ ይመስላል ብለው በማንም ላይ አልፈረዱም፤ ገዳዩ አልታወቀም ብለውም ቤተሰቡን ባዶ እጁን አልሸኙም። የኢንተርኔት ገማች የሚያደርገው ሁለቱንም ገልብጦ ነው። ባላየው ይምላል፣ ለሟች ቤተሰብ ግን አንድ ግመል ቀርቶ አንድ ቀን ዝምታ አይከፍልም። የእኛ አገር አውጫጭኝ እንኳ ስንት ጉድለት እያለበት ተናጋሪው በጎረቤቱና በሽማግሌ ፊት ቆሞ፣ ምሎ ነበር የሚናገረው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። አድናን የዋስትና ጥያቄ ባቀረበ ጊዜ የመስጊዱ ጀመዓ ችሎቱን ሞልቶ፣ ንብረት ለማስያዝ ቀርቦ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ይህንኑ ድጋፍ ለማምለጥ ይረዳዋል ብሎ በልጁ ላይ አዞረው፤ የፓኪስታን ተወላጅ ወጣቶች ወዳጆቻቸውን ገድለው የመሸሽ ልማድ ያለ አስመስሎም ተናገረ። ይህ አባባል በኋላ እንዲታረም ግድ ሆኗል። ልጁ የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ወዴት ነው የሚሸሸው? ይህ ግልጽ በደል ነው፤ በስምና በዘር መገመት ነው።

ነገር ግን ዝግጅቱ ከወጣ ወዲያ ከእኛ ወገን የተሰማው ምን ነበር? «ወንድማችን ንጹሕ ነው» ያሉ ብዙዎች ናቸው። በምን አወቁ? በስሙ! አንዱ በስሙ ገዳይ ካለው፣ ሌላው በስሙ ንጹሕ ካለው፣ የሁለቱ ሚዛን አንድ ዓይነት ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእ ከቁጥር 105 እስከ 112 ያለውን እናንብብ። በብዙ ተፍሲሮች እንደተዘገበው ጡዕማ ኢብኑ ኡበይሪቅ የተባለ ሰው ጥሩር ሰርቆ ጥፋቱን በአንድ አይሁዳዊ ላይ ጣለ። ጎሳዎቹም ነቢዩ ዘንድ መጥተው ተሟገቱለት። አላህ (ሱ.ወ) አንቀጾቹን አውርዶ ለከዳተኞች ጠበቃ መሆንን ከለከለ፤ የራሱን ኃጢአት በንጹሕ ሰው ላይ የሚወረውር ምን ያህል ከባድ ሸክም እንደሚሸከም አስታወቀ፤ አይሁዳዊው ነጻ ወጣ። አድናንን ከጡዕማ ጋር እያመሳሰልኩት አይደለም፤ ያንን ለማለት እኔም ምስክር አይደለሁም። ያልኩት ስለ ጎሳዎቹ ነው።

የጉዳዩ ፍጻሜ ራሱ ትምህርት አለው። በሴፕቴምበር 2022 ዐቃቤ ሕግ ራሱ ጠይቆ ፍርዱ ተሰረዘ፣ አድናን ወጣ፤ በተከታዩ ወር ክሱም ተነሳ። በማርች 2023 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን መለሰ። ለምን? ለሟች ወንድም በቂ ጊዜ ተሰጥቶት በአካል እንዲገኝ አልተደረገም በሚል ነው። ዓርብ ቀን ተነግሮት ሰኞ ነበር ችሎቱ፤ እሱ የሚኖረው ካሊፎርኒያ ነው። ሱረቱል ኢስራእ ቁጥር 33 በግፍ ለተገደለ ሰው ወገን ሥልጣን እንደተሰጠው፣ እሱም ደግሞ ወሰን እንዳያልፍ ይናገራል። ዓለም በሙሉ ስለ ደሙ ሲያወራ የደሙ ባለቤት ተረስቶ ነበር። በማርች 2025 አድናን በታሰረበት ዘመን እንዲበቃው፣ አምስት ዓመትም በክትትል ሥር እንዲቆይ ተወሰነ። ከእስር ውጭ ነው፤ የጥፋተኝነት ፍርዱ ግን አልተነሳም።

«ያ ሁሉ ወሬ ባይኖር መዝገቡ መቼ ይከፈት ነበር?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዲት የትምህርት ቤቱ ተማሪ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ አድናንን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አይቼዋለሁ ብላ ገና በ1999 ደብዳቤ ጽፋለት ነበር፤ ተከላካይ ጠበቃው ግን አላነጋገረቻትም። ሲሪያል ይህችን ሴት ፈልጎ ማነጋገሩ ከሥራው ሁሉ የሚሻለው ነው። እሷ ገማች አይደለችም፤ አየሁ የምትል ናት፤ አየሁ የሚል ሰው ደግሞ ምስክርነቱን እንዳይደብቅ ታዟል። በ2016 ፍርድ ቤት ቀርባ ምላ ተናገረች። በ2019 የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሰባት ዳኞች የእሷ አለመጠራት የፍርዱን ውጤት ይለውጥ ነበር ወይ በሚለው ላይ አራት ለሦስት ተለያዩ። በ2024ም በወንድሙ መብት ጉዳይ እንደገና አራት ለሦስት ተለያዩ። መዝገቡ ሙሉ በሙሉ በእጃቸው ነበር፤ የተከራከሩትም በሕጉ ሥርዓት ላይ እንጂ ገዳዩ ማን ነው በሚለው አልነበረም።