የስማርት ድመት፤ ስለ አንድ ተወዳጅ ግጥም አጭር ሐተታ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ ስለ ድመት ከተጻፉት ግጥሞች ሁሉ ይበልጥ የሚወደደው የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙ አንባቢ የሚጠራው ባለቅኔው ክሪስቶፈር ስማርት ስለ ድመቱ ስለ ጄፍሪ የጻፈውን ነው። እኛም ከወዳጆቹ ወገን ነን። ነገር ግን መውደድ ብቻውን ሒስ አይሆንምና፥ በዚህ ሐተታ የምንመረምረው ፍቅራችን በምን ላይ እንደ ቆመ ነው። ግጥሙ ደስ የሚያሰኘን ደራሲው እብድ ነው ስለ ተባለና ነገሩ እንግዳ ስለ ሆነብን ነው? ወይስ በውስጡ ሥርዓትና ማስተዋል ስላለ ነው? የእኛ አሳብ ወደ ሁለተኛው ያዘነብላል።

አስቀድመን ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ስማርት በ1722 ተወለደ። በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ፥ በዚያ ስለ እግዚአብሔር ባሕርይ ለሚጻፍ ግጥም የሚሰጠውን የሲተን ሽልማት አምስት ጊዜ አገኘ። በ1757 አእምሮው ታውኳል ተብሎ ለንደን ወደሚገኘው የቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል ገባ፤ በኋላም በቤትናል ግሪን በነበረ የግል ማቆያ ቤት እስከ 1763 ተዘግቶ ኖረ። በላቲን «ጁቢላቴ አግኖ»፥ ማለት «በበጉ ደስ ይበላችሁ» ብሎ የሰየመውን ረዥም ድርሰት የጻፈው ከ1759 እስከ 1763 ባሉት ዓመታት ነው። የጄፍሪ ክፍል ከዚሁ ውስጥ 74 መስመር ብቻ ነው።

ድርሰቱ ማተሚያ ቤት የገባው በ1939 ሲሆን፥ አሳታሚው ዊልያም ፎርስ ስቴድ የእብዶች ቤት መዝሙር የሚል ንኡስ ርእስ ጨመረበት። በእኛ አስተያየት ይህ ርእስ ጉዳት አድርሷል። አንባቢው ገና መጽሐፉን ሳይገልጥ የሚጠብቀው ሥርዓት የሌለው ልፍለፋ ይሆናልና። ስማርት በሞተ በ20 ዓመቱ፥ በ1791፥ ግጥሞቹ ተሰብስበው ሲታተሙ ስለ ዳዊት የጻፈው ታላቅ መዝሙር እንኳ ሳይገባ ቀርቷል፤ የአእምሮው መታወክ ይታይበታል የሚል ፍርድ ነበረበት። እንዲህ ያለው ፍርድ ሥራውን ሳይሆን ሰውየውን የሚመዝን ነው።

እስቲ ግጥሙን ራሱን እንይ። መስመሮቹ «ምክንያቱም» በሚል ቃል እየጀመሩ ይወርዳሉ። ቤት አይመቱም፤ ሚዛናቸው የመዝሙረ ዳዊት ሚዛን ነው። የግዕዙን ዳዊት የደገመ አንባቢ «እስመ» እየተባለ ለምስጋናው ምክንያት ሲሰጥ ያውቃልና፥ አካሄዱ አይጠፋውም። ምስጋናው የሚጀምረው በማለዳ ነው። ድመቱ ከጸሎቱ በኋላ ስለ ራሱ ማሰብ ይጀምራል፤ ይህንም በ10 ደረጃ ይፈጽማል። መጀመሪያ የፊት መዳፎቹ ንጹሕ መሆናቸውን ያያል፤ ይንጠራራል፤ ጥፍሩን በእንጨት ይስላል፤ ይታጠባል፤ ቁንጫውን ይለቅማል፤ ከግንድ ይታከካል፤ በመጨረሻም ምግብ ፍለጋ ይወጣል። ድመት ያሳደገ ሰው ሁሉ የሚመሰክረው ነው። እንዲህ አድርጎ ቍጥርና ተራ የሚጠብቅ ብዕር፥ ቢያንስ በዚህ ቦታ፥ የታወከ ብዕር ነው ለማለት አንደፍርም።

ከዚህ ጋር ቀልድም አለ። ከሚይዛቸው 7 አይጦች አንዷ ታመልጣለች ይለናል፤ ድመቱ ለማምለጫ ዕድል ይሰጣታልና። እስራኤል ከግብፅ ሲወጡም እግዚአብሔር ስለ ድመት ለሙሴ አዝዞ፥ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በከረጢቱ ቢያንስ አንድ ድመት ይዞ ነበር ይላል። በኦሪት ዘጸአት እንዲህ ያለ ነገር የለም። ነገር ግን ደራሲው ቀልዱን የሚያመጣው ምስጋናውን ለማፍረስ አይደለም፤ ደስታው ሞልቶ ሲፈስ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የነካን ግን አንድ ቃል ነው። አይጥ ጄፍሪን ጉሮሮው ላይ ነክሶታል። ሰዎች በእንግሊዝኛ ሲያዝኑለት የሚጠሩበት ቃል ድኻ ማለትም ነው፤ ስማርትም ይህን ይዞ ድመቱን ከእግዚአብሔር ድኾች ጋር ይቈጥረዋል። በእኛ ቋንቋ «ምስኪን» የሚለው ቃል ሁለቱንም ትርጕም ስለሚሸከም፥ ኅብሩ ሳይጠፋ ሊተረጐም ይችላል። ወዲያው በሚቀጥለው መስመር ድመቱ ስለ ተሻለው ጌታን ያመሰግናል። ገንዘብና ነጻነት ያጣ ሰው፥ ለእንስሳ የተሰጠውን የርኅራኄ ቃል ወደ ክብር ስም ሲለውጠው እናያለን። ስለ ራሱ ግን በዚያ ቦታ አንድም አይናገርም። ስማርት በ1771 የሞተው በዕዳ ታስሮ መሆኑን ስናስብ፥ ቃሉ ይበልጥ ይከብዳል።

እንግዲህ ጉድለቱንም አንሸሽግ። ሙሉው ድርሰት በስምና በእንስሳት ዝርዝር የተሞላ ነው፤ ብዙው ክፍል አድክሞናል። ዊልያም ቦንድ በ1954 ባወጣው እትም፥ በ«ይሁን» እና በ«ምክንያቱም» የሚጀምሩት መስመሮች እንደ ግራና ቀኝ መዘምራን እየተቀባበሉ እንዲነበቡ የታሰቡ መሆናቸውን አሳይቷል። የጄፍሪ መስመሮች ግን ተቀባይ መስመር የላቸውም፤ ስለዚህ ለብቻቸው በመነበባቸው ቅብብሉ አይፈርስም። ቤንጃሚን ብሪተንም በ1943 ከድርሰቱ ባዘጋጀው የመዘምራን ዜማ የድመቱን ክፍል ለአንድ ልጅ ድምፅ ብቻ ሰጥቶታል። ሆኖም ክፍሉን ለብቻው የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ያጣል፤ ጄፍሪ በፍጥረት ሁሉ ምስጋና መካከል የቆመ አንድ ምስክር መሆኑን።

ስለዚህ የምንደርስበት ፍርድ ይህ ነው። ጄፍሪ ለሌላ ነገር ምሳሌ ሆኖ አልቀረበም፤ ድመት ሆኖ ነው የተመሰገነው። ስማርት ፍቅሩን የገለጸው በማጋነን ሳይሆን በማየት ነው። መምህራኖቻችንና ጓደኞቻችን ግጥሙን ሲያነቡ የደራሲውን ሕመም ለጊዜው ወደ ጎን ትተው፥ 10ሩን ደረጃዎች አንድ በአንድ እንዲቈጥሩ እንለምናለን።