ትንሣኤው የማን ነው?

የቶልስቶይ «ትንሣኤ» እ.ኤ.አ. በ1899 ሲታተም ገቢው የታሰበው በሩሲያ ይሳደዱ የነበሩት ዱሆቦሮች ወደ ካናዳ እንዲሻገሩበት ነበር። ደግ ጅምር ነው።

መስፍኑ ኔኽሉዶቭ አስረግዞ የተዋት ካትዩሻ፣ ነጋዴ መርዘሽ ገድለሻል ተብላ ስትቀርብ እሱ ከፈራጆቹ መካከል ተቀምጧል። ሸንጎው «ለመግደል አላሰበችም» ብሎ መጻፍ ረስቶ ሳይቤርያ ለከባድ ሥራ አስፈረደባት። ግፍ ሁልጊዜ ጥርሱን አግጦ አይመጣም፤ አንዳንዴ ደክሞት ይቸኩላል።

ታዲያ ትንሣኤው የማን ነው? ብዙ ሰው የመስፍኑ ነው ይላል። እኔ አልስማማም። የመጽሐፉ ልብ ያ የፋሲካ ሌሊት ነው፤ ካትዩሻ በአፍንጫው ቦታ ቁስል ብቻ የቀረለትን ለማኝ ሳትጸየፍ ሦስቴ ሳመችው።

የምነቅፈው መጨረሻውን ነው። መስፍኑ ወንጌል ገልጦ ሰላም ሲያገኝ እሷ ከታሪኩ ወጥታለች። እስር ቤት ሳለች ግን በእሷ በኩል ነፍሱን ሊያድን መምጣቱን ፊት ለፊት ነግራው ነበር። ደራሲው ራሱ የሰማት አልመሰለኝም።

እኛስ? ለበዓል ድፎ ዳቦ ይዘን ታሳሪ ስንጠይቅ ለእሱ ብለን ነው ወይስ ለገዛ ነፍሳችን? ዳቦውን ሰጥተን፣ «ፍርዱስ እንዴት ተፈረደ?» ሳንል ከተመለስን፣ የሳምነው ለማኙን ሳይሆን ራሳችንን ነው።