የማስታወቂያ ሠራተኛው ደብተርና የእኛ ቲያትር



ቲያትር ቤት ባለበት ሁሉ ስሙ የማይነሣ አንድ ሰው አለ፤ እሱም የማስታወቂያ ሠራተኛው ነው። ትርኢት ሲቃረብ ለጋዜጦች ይጽፋል፣ ፖስተር ያስለጥፋል፣ ጋዜጠኛ ይጋብዛል። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ስለ ትርኢቱ የታተመውን በመቀስ እየቈረጠ በትልቅ ደብተር ላይ ይለጥፋል። ይህን የሚያደርገው ለታሪክ ተጨንቆ ሳይሆን ለአለቆቹና በጀት ለሚሰጡት ክፍሎች «ይኸው ሥራዬ» ለማለት ነው። ሆኖም ተዋናዮቹ ሲበተኑና አዳራሹ ለሌላ ሥራ ሲውል ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ይኸው ደብተር ነው። በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ያለው የትርኢት ጥበባት የሰነድ ማእከል የሚሰበስበውም እንዲህ ያለውን ነው፤ የጋዜጣ ቁራጭ፣ ፕሮግራም፣ ፖስተር፣ ፎቶግራፍ።

በእርግጥ ደብተሩ አድልዎ አለበት። ያወደሰው ጽሑፍ ይለጠፋል፣ የነቀፈው ቅርጫት ይገባል። ቢሆንም እኔ ከኢዮቤልዩ መጽሔት ይልቅ እሱን አምናለሁ። በኢዮቤልዩ መጽሔት ላይ ሁሉም ነገር ተስተካክሎና ተቀባብቶ ይቀርባል። በደብተሩ ላይ ግን የቲኬቱ ዋጋ፣ የተሰረዘው ቀን፣ ሁለት መስመር ብቻ የተናገረው ተዋናይ ስም ሳይታሰብ ሾልከው ይገባሉ።

በአገራችን የሆነውን እንመልከት። ሀገር ፍቅር ማኅበር በ1935 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) ሲመሠረት የኢጣሊያ ወረራ ደጃፍ ላይ ነበር። መሥራቹ መኰንን ሀብተ ወልድ ዋና ዓላማቸው በንግግርና በዘፈን ሕዝቡን መቀስቀስ ነበር። ስለዚህ በሀገር ፍቅር ቅስቀሳው ቀድሞ ቲያትሩ ተከተለ ማለት ይቻላል። በ1955 ደግሞ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፈተ። የመክፈቻው ተውኔት «ዳዊትና ኦርዮን» ሲሆን ደራሲው መኰንን እንዳልካቸው በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ደራሲው ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ተመልካቹ ንጉሠ ነገሥት በሆነበት ምሽት ጋዜጣ ስለ ማን እንደሚጽፍ መገመት አያዳግትም። በዚያ ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ በወንድ መጫወት ገና የቅርብ ትዝታ ነበር። መጀመሪያ መድረክ ላይ ከወጡት ሴቶች አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት። ዛሬ ብዙ ልጆቻችን፣ ካወቋትም፣ በክራሯ ብቻ ነው የሚያውቋት።

ከአዲስ አበባ ስንወጣ ወረቀቱ ጨርሶ ይሳሳል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቋሙ፤ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ፣ የጎጃሙ ጊሽ ዓባይ ስማቸው የገነነ ነበር። ከእናንተ መካከል በገበያ ቀን ቆማችሁ ያያችኋቸው፣ ምናልባትም በቀበሌ ኪነት ራሳችሁ የተጫወታችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የእነዚያ ዝግጅቶች ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ መኪና ላይ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነበር። ድምፅ ማጉያ ደግሞ በመቀስ አይቈረጥም።

እዚህ አገር ከገባን ወዲህ ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኗል። ወረቀት ሞልቷል፤ የተጻፈበት ግን በዕብራይስጥ፣ ለዕብራይስጥ አንባቢ ነው። ዮሲ ዋሳ ከሻይ ቤን አታር ጋር ጽፎ በኔፌሽ ቲያትር ለብቻው የተጫወተውን «በአማርኛ ይበልጥ ያምራል» የተባለውን ትርኢት እንውሰድ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የቀረበ ሲሆን፣ በሱዳን በኩል የተደረገውን ጉዞና የእስራኤልን ኑሮ በቀልድ የሚተርክ ነው። ስለሱ ካነበብኳቸው ጽሑፎች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከመንደር ተነሥቶ በረሃ ባቋረጠው ልጅ ነው። ታሪኩ እውነት ነው፣ መጻፍም አለበት። ግን ተዋናዩ የት ላይ ዝም እንዳለ፣ ሳቁን እንዴት እንዳመጣ፣ ሐዘኑን በቀልድ ውስጥ እንዴት እንዳሳለፈ የሚነግረን ማን ነው? ርእሱ አማርኛን የሚያወድስ ትርኢት በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ መቅረቡስ ምን ማለት ነው? አዳራሹ ውስጥ ወላጆችና ልጆች የሳቁት በአንድ ቦታ ላይ ነበር? አንድ ተቺ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነበር፤ እኔ ባነበብኩት ውስጥ የጠየቀ አላገኘሁም። የማስታወቂያ ሠራተኛውንም አልወቅስም፤ ጋዜጣ የሚገዛው ስለ በረሃው የተጻፈውን መሆኑን ያውቃልና። ይሁን እንጂ ነገ የልጅ ልጆቻችን ያንን ፋይል ቢከፍቱ በእግራችን መጓዛችንን ያነባሉ እንጂ መጫወት መቻላችንን አያነቡም። በኢየሩሳሌም በኮንፌዴሬሽን ቤት ለሚዘጋጀው የ«ሁልገብ» ፌስቲቫልም የምሰጋው ይህንኑ ነው።

በሥራዬ ቤት ለቤት ስሄድ ብዙ ወረቀት አያለሁ። ተዑዳት ኦሌ፣ የኩፓት ሆሊም ደብዳቤ፣ ከአገር ቤት የመጣ ፎቶግራፍ፣ ሁሉም በፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል። የቲያትር ወረቀት ግን አላጋጠመኝም። በሮቫችን ማትናስ የሚለጠፈው የአማርኛ ጥሪ ሳምንት ሳይሞላው ሌላ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ልጆች ለሲግድ በትምህርት ቤት የተጫወቱት ድራማም ፎቶው ስልክ ውስጥ ቀርቶ ስልኩ ሲበላሽ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ የጥሪ ወረቀቱን ጊዜው ሲያልፍ አንሡት። በጀርባው ቀኑን፣ አዳራሹን፣ ማን ማንን ሆኖ እንደተጫወተና በየትኛው ቋንቋ እንደነበረ በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ሊያልፍ ይችላል። ፕላስተር አትለጥፉበት፣ ያቢጨዋልና። ተመልካቹ ካልወደደውም ያንኑ ጻፉ። በአገር ቤት ኪነት ውስጥ የነበራችሁ ደግሞ የቡድኑን ስምና አብረዋችሁ የተጫወቱትን ለልጆቻችሁ አስጽፉ፤ በዕብራይስጥ ቢጽፉትም ግድ የለም።