ያለ ምስል የሚሰማ ሙዚቃ፦ የ«ስታር ዋርስ» ድርሰትና የ1977ቱ ሸክላ

ለፊልም የሚደረስ ሙዚቃ ዕጣ ፈንታው ማገልገል ነው። ርዝመቱን የሚወስነው የትርኢቱ ሰዓት እንጂ የደራሲው ፈቃድ አይደለም። መቼ ከፍ፣ መቼም ዝቅ እንደሚል የሚያዙት የተዋንያኑ ንግግር፣ የሞተሩ ጩኸትና የተኩሱ ድምፅ ናቸው። ፊልሙ አልቆ የአዳራሹ መብራት ሲበራ ግን ሌላ ጥያቄ ይነሳል። እስከዚያች ሰዓት ሎሌ ሆኖ ያገለገለው ሙዚቃ ጌታው በሌለበት ራሱን ችሎ መቆም ይችላልን? ከምስሉ ተለይቶ በሸክላ እየታተመ ለአድማጭ የሚቀርብ የፊልም ሙዚቃ ሁሉ በዚህ ጥያቄ ሊመዘን ይገባዋል።

«ስታር ዋርስ»፣ በአማርኛ «የከዋክብት ጦርነት» ሊባል የሚችለው ፊልም፣ ለዚህ ምዘና የተመቸ ነው። ፊልሙ በጆርጅ ሉካስ ድርሰትና አዘጋጅነት ተሠርቶ በአሜሪካ ለሕዝብ የታየው በ1977 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ታሪኩ በጠፈር መርከብና በጨረር መሣሪያ ያሸበረቀ ተረት ነው። በበረሃ ፕላኔት ላይ በእርሻ ቤት ያደገው ወጣት ሉክ፣ የተማረከችው ልዕልት ሊያና ብልሁ አዛውንት ቤን ኬኖቢ በአንድ ወገን፣ ጨካኙ ግዛተ ዐፄ በሌላ ወገን ተሰልፈውበታል። የሙዚቃው ደራሲ ጆን ዊሊያምስ በ1932 በኒውዮርክ የተወለደ የጃዝ ከበሮ መቺ ልጅ ሲሆን፣ ራሱም በፒያኖ ተጫዋችነት ሠርቷል። በ1975 «ጆስ» ለተባለው ፊልም በደረሰው ሙዚቃ የኦስካር ሽልማት አግኝቶ ስለነበር፣ የዚያ ፊልም አዘጋጅ ስቲቨን ስፒልበርግ ለሉካስ አስተዋወቀው።

ከዚያ በፊት የጠፈር ፊልም ሙዚቃ ጎላ ብለው የሚታዩ ሁለት መንገዶች ነበሩት። የመጀመሪያው ሉዊስና ቤቤ ባረን የተባሉ ባልና ሚስት በ1956 ለታየው «ፎርቢደን ፕላኔት» በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ብቻ የፈጠሩት ድምፅ የሚወክለው ነው፤ ይኸውም ለእንግዳ ዓለም እንግዳ ድምፅ መስጠት ነው። ሁለተኛው ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» በተባለው ፊልሙ የተከተለው ነው። ኩብሪክ ለፊልሙ የተደረሰለትን አዲስ ሙዚቃ ወደ ጎን ትቶ የሪቻርድ ስትራውስን፣ የዮሐን ስትራውስንና የሊጌቲን ነባር ሥራዎች ከምስሉ ጋር አጋባ። ሉካስም ፊልሙን በሚያቀናብርበት ወቅት የሆልስትንና የስትራቪንስኪን ድርሰቶች ለጊዜው ከምስሉ ጋር እያጣመረ ይሞክር ነበር። የዊሊያምስ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ነባር ድርሰት የቱንም ያህል ቢያምር ከታሪኩ ጋር አብሮ ሊያድግ አይችልም፤ የፊልሙ ንብረት የሆኑ ዜማዎች ከተደረሱ ግን ከመነሻ እስከ መድረሻ ሊለወጡ፣ ሊዳብሩና ሊጋጩ ይችላሉ። ሉካስም በዚህ ተስማማ።

ዊሊያምስ ባለ ሙሉ ሲምፎኒ ኦርኬስትራውን ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ስሜታዊ የሙዚቃ ስልት ጋር የመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ዓይን የሚያየው ሁሉ እንግዳ ነው፤ ፍጡራኑ፣ መርከቦቹና መሣሪያዎቹ ከዚያ በፊት ታይተው አያውቁም። ጆሮም እንደ ዓይን እንግዳ ነገር ቢቀርብለት ተመልካቹ የሚይዘው ባጣ ነበር። ስለዚህ ምስሉ እንግዳውን ሲያሳይ ሙዚቃው የሚታወቀውን ስሜት ይናገራል፤ ናፍቆትን፣ ፍርሃትን፣ ጀግንነትን፣ ሐዘንን። መንገዱ አዲስ አልነበረም። ማክስ ስታይነር በ1933 ለ«ኪንግ ኮንግ»፣ ኤሪክ ቮልፍጋንግ ኮርንጎልድ በ1938 ለ«ሮቢን ሁድ» ተጉዘውበታል። ይሁንና በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ፊልም ውስጥ የፖፕ ዘፈን እየገነነ በመምጣቱ ይህ ወግ ደብዝዞ ነበር።

የድርሰቱ አከርካሪ ሪቻርድ ቫግነር በኦፔራዎቹ በስፋት የተጠቀመበት የመለያ ዜማ ዘዴ ነው። ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ስፍራ ወይም ለአንድ ሐሳብ የራሱ ዜማ ይሰጠዋል። ይህ ዜማ እንደ አዝማች ደጋግሞ ይመለሳል፤ ነገር ግን ከአዝማች በተለየ ሁኔታ በተመለሰ ቁጥር የሚጫወተው መሣሪያ፣ ፍጥነቱና ቅኝቱ ይለዋወጣል። መክፈቻውን ለአብነት መውሰድ ይቻላል። መለከትና እምቢልታ የታላቅ ሰውን መምጣት እንደሚያበስሩ ሁሉ፣ የነሐስ መሣሪያዎች በአንድነት ይጮኻሉ። ከዚያም የሉክ ዜማ ከመነሻው ኖታ ወደ አምስተኛው ይዘላል፤ በደረጃ ጥቂት ወርዶ እንደገና ወደ ስምንተኛው ያሻቅባል። ዜማው በአካሄዱ ብቻ ወጣትነትንና ድፍረትን ይናገራል፤ ቃል አያስፈልገውም።

የቤን ኬኖቢና የእርሱ እምነት የሆነው «ኃይል» ዜማ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። በማይነር ቅኝት፣ ከዝቅታ ተነስቶ ቀስ እያለ ይወጣል። ሉክ ሁለቱ ፀሐዮች ሲጠልቁ ቆሞ በሚመለከትበት ትዕይንት ይህን ዜማ መጀመሪያ ፍሬንች ሆርን ብቻውን ያሰማዋል፤ ከዚያም የክር መሣሪያዎች ይቀበሉታል። ዊሊያምስ ለዚህ ስፍራ መጀመሪያ የደረሰው ሌላ ሙዚቃ ነበር፤ በሉካስ ጥያቄ ተለውጦ ነው ይህ ዜማ የገባው። ለውጡ ትዕይንቱን እጅግ አበልጽጎታል። ምስሉ የሚያሳየው አንድ የተከፋ ወጣትን ብቻ ነው። ወጣቱ ገና የማያውቀው ዕጣ እንደሚጠብቀው የሚናገረው ሙዚቃው ነው።

የደራሲውን አስተሳሰብ ይበልጥ የሚገልጸው ግን የቤን ኬኖቢ አሟሟት ነው። አዛውንቱ ሲወድቅ የሚፈነዳው ዜማ የራሱ ሳይሆን የልዕልት ሊያ ነው። በታሪኩ ሥርዓት ከታየ ይህ ስሕተት ይመስላል፤ ልዕልቲቱ ከአዛውንቱ ጋር እምብዛም አልተዋወቀችምና። ዊሊያምስ ይህን ያደረገው በእጁ ካሉት ዜማዎች ሁሉ እንደ እርሱ ሰፊና ስሜት የሚያጥለቀልቅ ስላላገኘ ነበር። በትልቅ ስድስተኛ ዝላይ የሚጀምረው ይህ ዜማ በዚያች ቅጽበት የማንም ሰው መለያ መሆኑ ቀርቶ የሐዘን ድምፅ ብቻ ይሆናል። ደራሲው የስም ዝርዝርን ከሙዚቃ እውነት በታች አስቀምጧል።

ቀረጻው በማርች 1977 በእንግሊዝ አገር፣ በደነም በሚገኘው አንቪል ስቱዲዮ፣ በራሱ በዊሊያምስ መሪነት ተካሄደ። ለፊልም ሥራ ብቻ በተሰበሰቡ ሙዚቀኞች ፈንታ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ መመረጡ በውጤቱ ላይ በግልጽ ይሰማል። ለረጅም ጊዜ አብረው የተጫወቱ ሙዚቀኞች የአንድ ሰው ትንፋሽ ያህል የተዋሐደ ድምፅ ያወጣሉ። የመጀመሪያ ትራምፔት ተጫዋቹ ሞሪስ መርፊ በኦርኬስትራው ሥራ የጀመረው በዚሁ ቀረጻ ነበር። በመክፈቻው ላይ የሚሰማው ብሩህና የማይናወጥ የትራምፔት ድምፅ የእርሱ ነው።

እነሆ ወደ ሸክላው። በዚያው ዓመት የወጣው ሥራ በሁለት ሸክላ የተከፈለ ሲሆን አሥራ ስድስት ቁራጮች አሉት፤ በጠቅላላው 75 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። እዚህ ላይ ዊሊያምስ የወሰደው እርምጃ ለሂስ ዋናው ቁም ነገር ነው። ቁራጮቹን በፊልሙ ቅደም ተከተል አላስቀመጣቸውም። እንደ አንድ ራሱን የቻለ ድርሰት፣ ፈጣኑን ከዝግተኛው፣ ጨለማውን ከብርሃኑ እያፈራረቀ አዲስ ቅደም ተከተል ሰጣቸው። ሦስተኛው ቁራጭ፣ የልዕልት ሊያ ዜማ፣ በዚህ መልኩ በፊልሙ ውስጥ ፈጽሞ አይገኝም። ለአዳራሽ እንደሚደረስ የኮንሰርት ሙዚቃ ተዘርግቶ የተጻፈ ነው። አምስተኛው ደግሞ የቤን ሞት ነው።

ሸክላውን ብቻ የሚሰማ ሰው እንግዲህ ምን ያገኛል? በመጀመሪያ የሊያን ዜማ በሰላም፣ በሙሉ ርዝመቱ ይሰማል፤ ያላምደዋል። ጥቂት ቆይቶ ያው ዜማ በሞት ፊት ሲፈነዳ ይሰማል። በፊልሙ ውስጥ እንቆቅልሽ የሚመስለው ነገር በሸክላው ላይ ፍቺውን ያገኛል፤ ውብ ሆኖ የተዋወቀ ዜማ ቆስሎ ተመለሰ ማለት ነው። በዘጠነኛው ቁራጭ ደግሞ የመጠጥ ቤቱ ባንድ ብቅ ይላል። ሉካስ እነዚያ እንግዳ ፍጡራን በ1930ዎቹ የነበረውን የቤኒ ጉድማን ዓይነት የስዊንግ ሙዚቃ አግኝተው ለመጫወት ሲሞክሩ እንዲሰሙ ፈልጎ ነበር። ስለዚህ ኦርኬስትራው ዝም ብሎ ሳክስፎን፣ ክላርኔት፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖና የትሪኒዳድ የብረት ከበሮ ይሰማሉ። በሸክላው መካከል መቀመጡ ለአድማጩ ዕረፍትና ፈገግታ ይሰጠዋል።

በኋለኞቹ ዓመታት፣ በተለይም በ1997 በሁለት ሲዲ በወጣው እትም፣ ሙዚቃው በፊልሙ ቅደም ተከተል ተደርድሮ፣ የቀሩት ቁራጮችና የተተወው የፀሐይ ጥልቀት ሙዚቃም ተጨምረውበት ቀርቧል። ለተመራማሪ ይህ የማይተካ ሰነድ ነው። ደራሲው በየትኛው ስፍራ ምን እንዳሰበ፣ ምንስ እንደለወጠ ያሳያል። ይሁን እንጂ ሰነድና ድርሰት አንድ አይደሉም። በፊልሙ ቅደም ተከተል ሲሰሙ ብዙዎቹ አጫጭር ቁራጮች የጎደላቸውን ምስል እየጠሩ ያልፋሉ። የ1977ቱ ሸክላ ግን ጎደለኝ የሚለው ምስል የለም። የተሟላው እትም ስለ ፊልሙ ብዙ ያስተምራል፤ ያልተሟላው እትም ግን ይበልጥ ሙዚቃ ነው።

ሥራው እንከን የለሽ ነው ማለት ግን አይደለም። የመክፈቻው ዜማ ኮርንጎልድ በ1942 ለ«ኪንግስ ሮው» ከደረሰው ጋር ያለው ዝምድና፣ የጦር መርከቦቹ ድብደባ ከሆልስት «ማርስ»፣ የበረሃው ሙዚቃ ከስትራቪንስኪ «የፀደይ ሥርዓት» ጋር ያላቸው ቅርበት ለሠለጠነ ጆሮ አይሰወርም። ውርስ ማንሳት ነውር አይደለም፤ ዊሊያምስ የወረሰውን አዋሕዶ የራሱ አድርጎታል። ሆኖም ሥራው የአንድ ታላቅ ወግ ብልህ ወራሽ እንጂ የአዲስ ቋንቋ ፈጣሪ አለመሆኑ በግልጽ መነገር አለበት።

ከባዱ እንከን ሌላ ነው። ይህ ሙዚቃ ለጥርጣሬ ቦታ የለውም። በመደምደሚያው፣ በዙፋን አዳራሹ ትዕይንት፣ ያ የብቸኝነትና የናፍቆት ዜማ የድል ሰልፍ ሆኖ በነሐስ መሣሪያዎች ይወጣል። የዜማው ለውጥ በጥበብ ረገድ የተዋጣ ነው። ነገር ግን በዚያው ጦርነት የብዙ አብራሪዎች ሕይወት አልፏል፤ በሰልፉ ላይ ማንም አያስታውሳቸውም፤ ሙዚቃውም አንድ ስንኝ እንኳ አይሰጣቸውም። ለአንድ አዛውንት ያን ያህል ያለቀሰ ኦርኬስትራ ስም ላልተሰጣቸው ሙታን ዝም ማለቱ የፊልሙ ድክመት ብቻ አይደለም። ምስሉ ያልተናገረውን መናገር እንደሚችል በፀሐዮቹ መጥለቂያ ያስመሰከረ ደራሲ፣ እዚህ ግን ምስሉ ያዘዘውን ብቻ ፈጽሟል።

ሸክላው በአሜሪካ ገበያ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጦ በአልበሞች ሠንጠረዥ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ወጣ፤ ድርሰቱም በ1978 የኦስካርን ሽልማት አገኘ። በኖቬምበር 1977 ዙቢን ሜታ የሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክን እየመራ በሆሊውድ ቦውል የዚህኑ ሙዚቃ ቁራጮች ያለ ፊልም ለታዳሚ አቀረበ። በዚያው ዓመት ሜኮ የተባለ አቀናባሪ ዜማዎቹን ወደ ዲስኮ ምት ለውጦ በአሜሪካ የነጠላ ዘፈኖች ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ያ ዳንስ የዘመኑን ስሜት አርክቶ አለፈ፤ ኦርኬስትራው ግን ቀረ። ምክንያቱም ዜማ ብቻውን ተነጥሎ ለጭፈራ ሲውል ውበቱን ቢይዝም እድገቱን ያጣል። የዊሊያምስ ሥራ ኃይል ያለው ዜማው በመመለሱና ተለውጦ በመመለሱ ነው።

ለሙዚቃ መምህራን ሸክላው ጥሩ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው። አንድን ዜማ በመክፈቻው፣ በመካከሉና በመጨረሻው አሰምቶ ምን እንደተለወጠ መጠየቅ፣ ከዚያም የሆልስትንና የኮርንጎልድን ሥራዎች አጠገቡ አድርጎ ማነጻጸር ለተማሪ ብዙ ያስጨብጣል። ለትያትርና ለፊልም ሙዚቃ የሚደርሱ ባለሙያዎች ደግሞ ከዊሊያምስ ሁለት ነገር ሊማሩ ይችላሉ። አንደኛው፣ ምስሉን በሚገባ ያገለገለ ሙዚቃ ለአድማጭ ሲቀርብ እንደገና መደራጀት እንዳለበት ነው። ሁለተኛው፣ ከድክመቱ የሚገኘው፣ ይበልጣል፤ ማገልገል መታዘዝ ብቻ እንዳልሆነና ምስሉ የዘነጋውን ማስታወስም የሙዚቃ ደራሲ ኃላፊነት እንደሆነ ያስተምራል።