ቀይ ወረቀት የደረሳቸው ልጆች



ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የፍቅር ኮሚክ ነው። «ኡስታዝ ምን ነካው?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ከአንድ ዓመት በፊት ቢሆን እኔም ይህንኑ እል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ዘመድ ልትጠይቅ መጥታ ስትመለስ ሻንጣዋ ስለከበደባት ጥቂት መጻሕፍት ትታ ሄደች። አንድ ምሽት ከመግሪብ በኋላ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ትልቋ ልጄ ኪታቧን ዘርግታ አጎንብሳ አየኋትና «ማሻ አላህ» ብዬ ሳልጨርስ፣ ከኪታቡ ሥር ሌላ መጽሐፍ አየሁ። ተቀብያት ልገልጠው ብሞክር መጨረሻው መጀመሪያ ሆነብኝ። ልጄ ብትፈራም ሳቋን መያዝ አቃታት። «አባባ፣ በቀኝ ነው የሚከፈተው፤ እንደ ኪታብ» አለችኝ። ለካ ጃፓኖችም እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚያነቡት፤ የእንግሊዝኛው ትርጉምም ይህንኑ ጠብቆ ታትሟል። ልቀደው የተነሳሁትን መጽሐፍ በቀኝ ከፍቼ መመልከት ጀመርኩ። ዒሻ ሰግጄም ተመለስኩበት። ሱብሒ ላይ የልጆቼ እናት ዓይኔ መቅላቱን አይታ «ምን ሆነህ ነው?» አለችኝ፤ እውነቱን ለመናገር አፈርኩ።

መጽሐፉ «ሃና ዮሪ ዳንጎ» ይባላል። ካሚዮ ዮኮ የተባለች ጃፓናዊት ሠዓሊ «ማርጋሬት» በተባለ የልጃገረዶች መጽሔት ላይ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በተከታታይ ያወጣችው ሲሆን፣ ታሪኩ ሲጠራቀም 36 ቅጽ ሞልቷል። ታይዋን በ2001፣ ጃፓን በ2005፣ ኮሪያ በ2009 ለቴሌቪዥን ስለሠሩት፣ መጽሐፉን ያላየ ቤተሰብም ታሪኩን በልጆቹ በኩል ሰምቶ ይሆናል። ርዕሱ የተወሰደው ከአንድ የጃፓኖች ተረት ነው። የአበባ ወቅት ሲደርስ ሰው ሁሉ አበባ ሊያይ ይወጣል፤ ልቡ ያለው ግን ከሩዝ ዱቄት በሚድቦለቦለው ዳንጎ በሚባለው ምግብ ላይ ነው፤ «ከአበባው ይልቅ ዳንጎው» ይላሉ። ካሚዮ ደግሞ ዳንጎ የሚለውን ቃል «ወንድ ልጆች» ተብሎ በሚነበብ ፊደል ጽፋ ቀልዳበታለች።

ባለታሪኳ ማኪኖ የደሞዝተኛ ልጅ ናት። ወላጆቿ ራሳቸውን ጎድተው ኤይቶኩ የተባለ የባለጸጎች ትምህርት ቤት አስገብተዋታል። ትምህርት ቤቱን የሚገዙት ግን መምህራን አይደሉም፤ «ኤፍ ፎር» የተባሉ አራት የከበርቴ ልጆች ናቸው። አለቃቸው ዶሚዮጂ ያልወደደው ተማሪ ዕቃ ማስቀመጫ ሳጥኑን ሲከፍት ቀይ ወረቀት ያገኛል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መላው ተማሪ ያንን ልጅ ያሳድደዋል፣ ይደበድበዋል፣ ያዋርደዋል፤ ትምህርቱን ጥሎ እስኪሄድ ድረስ። ማኪኖ ለጓደኛዋ ስለተሟገተች ወረቀቱ ይደርሳታል። እርሷ ግን አትሄድም። ዶሚዮጂን ትመታዋለች። እርሱም በመመታቱ ይወዳታል። የቀረው ሠላሳ ምናምን ቅጽ ይህ መውደድ የሚያመጣው ጣጣ ነው።

ባዕድ ወንድና ሴት ለብቻቸው መዋላቸውንና የመሳሰለውን የትኛውም ወላጅ እኔ ሳልነግረው ያያል። ለዚያ ብቻ ብዕር አላነሳም ነበር። በመጀመሪያ ግን የሚገባትን ምስጋና ለማኪኖ እንስጥ። ስሟ ጹኩሺ በጃፓንኛ የሜዳ ተክል ስም ነው፤ እርሷም ራሷን ቢረግጡት ከሚነሳ አረም ጋር ታመሳስላለች። ከትምህርት በኋላ በዳንጎ መሸጫ ሱቅ ትሠራለች። ዶሚዮጂ አስጠልፎ ቤቱ ወስዶ፣ አልብሶና አስጊጦ በገንዘቡ ሊገዛት ሲሞክር አሻፈረኝ ትላለች። እኛን ወላጆችን የሚያሳፍረው እናትና አባቷ ናቸው፤ ሌት ተቀን የሚያልሙት ሀብታም አማች ነው። ካሚዮ ይህን ስትስል እያሳቀች ነው፤ እኔ ግን ለኒካሕ ስንቀመጥ ስለ ልጁ ዲንና ጠባይ በአንድ አፍ ጠይቀን፣ ስለ ቤቱና ስለ መኪናው በሦስት አፍ የጠየቅንባቸው ቀናት ትዝ እያሉኝ ሙሉ በሙሉ መሳቅ አልቻልኩም።

ቀሪዎቹን ቅጾች የእህቴ ልጅ መንገደኛ ባገኘች ቁጥር ላከችልን። እኔም መዝገበ ቃላት ይዤ እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ ተከተልኳቸው። ቤታችንም ለሁለት ተከፈለ። ልጄ የዶሚዮጂ ወገን ሆነች፤ «ተለውጧል አባባ፣ አላየኸውም?» ትላለች። እንግሊዝኛ የማታነበው እናቷ ስዕሉን እያየች፣ ልጇ እያስረዳቻት፣ ቫዮሊን ለሚጫወተው ለዝምተኛው ለሩይ አደላች። ሩይ የአራቱ አንዱ ነው፤ ማኪኖ በተቸገረች ጊዜ ደጋግሞ የሚደርስላት እርሱ ነው። እኔ በመካከል ዳኛ ሆኜ ተቀመጥኩ። እንዲያው ለወጉ እንጂ ልቤስ ወደ ዶሚዮጂ አዘንብሎ ነበር። ይህ ልጅ ቂል ነው፣ ቁጡ ነው፣ ሲወድ ግን አያታልልም። እናቱ ካኤዴ ድሃ ሴት አላገባም ብላ ስታስጨንቀው ደግሞ ማን ያልራራለት!

ስለዚህች እናት ቆም ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ልጄ «አላህ ይፍረድባት፣ እንዴት ያለች ጨካኝ ናት!» ባለች ዕለት ነው። ካኤዴ የታላቅ ኩባንያ ባለቤት ናት። ማኪኖን ከልጇ ለመለየት፣ የማኪኖን ጓደኞች ቤተሰቦች እንጀራ ልትዘጋባቸው ትነሳለች። ማኪኖም ለሰዎቹ ስትል በዝናብ ውስጥ ዶሚዮጂን ተለይታው ትሄዳለች። ልጄ እዚህ ገጽ ላይ አለቀሰች። እኔም ጉሮሮዬን አንቆኛል። ግን ልብ በሉልኝ፤ እናትየዋ በገንዘብ ያደረገችው ልጇ በቀይ ወረቀት ሲያደርግ ከነበረው በምን ይለያል? ሁለቱም በደለኛነቱ ያልታወቀ ሰው ላይ ጣት ይቀስራሉ፤ ሁለቱም እጃቸውን ሳያቆሽሹ ሌላው እንዲያጠፋው ያደርጋሉ። ልጅየው ከእናቱ የተማረውን ነው የሠራው። እርሷን ጠላናት፤ እርሱን ወደድነው። በሁለቱ ሚዛን ላይ ያለው ልዩነት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱ ማኪኖን ይወዳል።

እንዲህ እንድንፈርድ የሚያደርገን ስዕሉ ራሱ ነው። በእነዚህ የልጃገረዶች ኮሚኮች ውስጥ ሰዎች የሚናገሩት በአረፋ መሰል ክብ ውስጥ ይጻፋል፤ ባለታሪኳ በልቧ የምታስበው ግን ከክቡ ውጭ፣ በስዕሉ ላይ ተበትኖ ይገኛል። አንባቢው ከማኪኖ ልብ ሳይወጣ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ የሚመዝነው በማኪኖ ላይ የተደረገውን ብቻ ነው። ዶሚዮጂ ለእርሷ ሲለዝብ ለዓለም ሁሉ የለዘበ ይመስለናል። በመጀመሪያው ቅጽ ትምህርቱን ጥሎ የሄደው ልጅ ግን በማኪኖ ልብ ውስጥ ስለማይኖር በእኛም ልብ ውስጥ አይቆይም።

ፍርደ ገምድል እንዳልሆን የምጨምረው አለ። ካሚዮ ነገሩን ፈጽማ አልረሳችውም። ኦሪቤ ጁንፔይ የተባለ ልጅ ወንድሙ በዶሚዮጂ ስለተበደለ ቂም ይዞ ይመጣል። ማኪኖን አታሎ ይይዝና ዶሚዮጂን ይጠራዋል። ያ ጉልበተኛ እጁን ሳያነሳ፣ አንድም ሳይመልስ ይደበደባል። ልጄ ይህን ገጽ አምጥታ «ይኸው፣ ከፈለ!» አለችኝ። መልካም ክርክር ነው፤ አንድ ሌሊት አሳድሮኛል። ነገር ግን የተደበደበው ማኪኖን ለማስለቀቅ ነው። የወንድምየው ሐቅ በዚያ ክፍል ውስጥ ምክንያት ሆኖ ገባ እንጂ ጉዳይ ሆኖ አልተነሳም። ገጹ ሲዘጋ የምናስታውሰው የዶሚዮጂን ፍቅር ጽናት ነው፤ ባለ ሐቁን አይደለም።

ልጄን ተውባን ባስተማርኳት ጊዜ በቃሏ ያስያዝኳት ነገር አለ። ኃጢአቱን መተው፣ መጸጸት፣ ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ፤ የሰው ሐቅ ካለበት ደግሞ አራተኛ፣ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ ወይም ይቅርታውን ማግኘት። «ዶሚዮጂ ስንቱን አሟላ?» ብዬ ጠየቅኳት። ሦስቱን በጣቷ ቆጠረችና አራተኛው ላይ ቆመች። እናቷ ከማጀት ሆና ሰምታን ኖሮ «ያኛውስ፣ ሩይስ? ሲደበድቡ አጠገባቸው ቆሞ ዝም ሲል የኖረው?» አለች። የራሷን ወገን ነው የነካችው! ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ወደ መጨረሻው ገደማ ዶሚዮጂ ቆስሎ ሆስፒታል ይገባል፤ ሲነቃ ሁሉን ያስታውሳል፣ ማኪኖን ብቻ ይረሳል። አንባቢው «እንዴት እርሷን ይረሳል!» ብሎ ይንገበገባል። ሁሉን የሚያስታውስ ከሆነ እነዚያንም ልጆች ያስታውሳል ማለት ነው፤ ከመካከላችን በዚህ የተንገበገበ ግን አልነበረም። በጥበቡ በኩል ይህ ክፍል ደካማ ነው፤ መጽሔቱ እንዲቀጥል ተብሎ የተጎተተ ይመስላል። ፍጻሜው ይሻላል። ዶሚዮጂ ለአራት ዓመት ወደ ኒውዮርክ ይሄዳል፣ ማኪኖ ትቀራለች፤ ሠርግ የለም፣ ቀጠሮ እንጂ።

አሁን የራሴን ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት ባስተማርኩበት አንድ መድረሳ የአንድ ነጋዴ ልጅ ነበር። አባቱ ለመድረሳው ምንጣፍ ያነጠፈ ሰው ነው። ልጁ አንድ የቲም ደረሳን ሉሑን እየሰበረ፣ ጫማውን እየደበቀ አስጨነቀው። ነገሩ ሲገለጥ አባትየው ልጁን ይዞ መጣ፤ ልጁ ጉልበቴን ስሞ አለቀሰ። ልቤ ተነካና «አላህ ይማርህ፣ ይቅር ብያለሁ» አልኩት፤ ሁሉም አሚን አለ። የቲሙ ልጅ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ማንም ዞሮ አላየውም፤ እኔም አላየሁትም። ከረመዷን በኋላ ትምህርቱን ትቶ ቀረ። ይቅር ያልኩት የእኔን ሐቅ አልነበረም። ከእኔ ፊት ያለቀሰውን ልጅ አየሁ፤ በበሩ አጠገብ ያለውን ለማየት ግን ሠላሳ ስድስት ቅጽ የስዕል መጽሐፍ ማንበብ አስፈለገኝ።

ይህን ለልጄ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ስሙ ማን ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት።

መጻሕፍቱን አላቃጠልኳቸውም፤ ከመደርደሪያው ታችኛው ክፍል ላይ አሉ። «ታናሿስ ታንብብ ወይ?» ለሚለኝ፣ ገና አሥር ዓመቷ ነው፤ አላስነካኋትም። ትልቋ ከአስር በኋላ አልፎ አልፎ አንዱን ታወጣለች። ያኔ እናቷ ቡናውን እየቆላች፣ ሩይ ያለበትን ገጽ ብቻ ገልጣ እንድታሳያት ትጠይቃታለች።