መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚያልቀው አየር ነው

ደንዉዲ ከአትላንታ በስተሰሜን፣ በዴካልብ ካውንቲ የምትገኝ ዛፍ የሞላባት ከተማ ናት። ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ የሚዘልቁት ጥዶችና ኦኮች በሐምሌ ሙቀት ጥላቸው ይወደዳል። ነፋስ ሲበረታ ወይም ቅርንጫፉ ላይ በረዶ ሲጋገር ግን የሚወድቁት የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 9 ቀን 1998 ከእኩለ ሌሊት በኋላ አካባቢውን የመታው ቶርኔዶ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን ጥሏል። በሴፕቴምበር 2017 ኢርማ፣ በኦክቶበር 2020 ደግሞ ዜታ የተባሉት ማዕበሎች እስከ ሰሜን ጆርጂያ ዘልቀው መጡ፤ አንዳንዱ ቤት ለቀናት ጨለማ ውስጥ ሰነበተ።

ለአብዛኛው ቤተሰብ ይህ ማለት የሚቀልጥ ፍሪጅና ቻርጅ የጨረሰ ስልክ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ኮራልና የባሕር ዓሣ ለሚያሳድግ ሰው ግን ጉዳዩ የሕይወት ነው።

መብራት እንደጠፋ ዓይን የሚሄደው ወደጨለመው ገንዳ ነው። ኮራሎቹ ግን ለሁለት ሦስት ቀን ብርሃን ቢያጡ ይችሉታል፤ በተፈጥሮም ደመና የጋረደው ሰማይና በማዕበል የደፈረሰ ባሕር ያጋጥማቸዋል። ሙቀቱም ቶሎ አይሸሽም፤ 400 ሊትር ውሃ ሙቀቱን ይዞ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅን ነው።

ኦክስጅን ወደ ገንዳው የሚገባው በውሃው ገጽ በኩል ነው፤ ገጹን የሚያድሱት ደግሞ ውሃውን የሚያገላብጡት ፓምፖች ናቸው። ፓምፑ ሲቆም ላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ይጠግብና ከታች ያለው እየጎደለበት ይሄዳል። የባሕር ውሃ ደግሞ ከመጀመሪያውም ብዙ አይዝም። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨው የሌለው ውሃ በሊትር ከ8 ሚሊግራም በላይ ኦክስጅን ሲይዝ፣ የባሕሩ ከ7 በታች ነው። ውሃው በሞቀ ቁጥር ይህም ይቀንሳል፤ በነሐሴ ኤር ኮንዲሽነሩ አብሮ ሲቆም ሁለቱ ችግሮች ይደራረባሉ። ሌሊት ከሆነ የባሰ ነው። በኮራሉ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩት ደቂቅ አልጌዎች በቀን ኦክስጅን ይሰጣሉ፣ በጨለማ ግን እነሱም ይወስዳሉ። በድንጋዩና በአሸዋው ውስጥ ሆነው አሞኒያን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎችም መተንፈስ አለባቸው። ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን የውሃው ገጽ ላይ ሲከፍቱ፣ ስንጥባቸውም ቶሎ ቶሎ ሲመታ፣ ባለ አኳሪየሙ ዘግይቷል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጨነቁት ቀኑን ሙሉ ሲዋኙ የሚውሉት እንደ ታንግ ያሉት ትልልቆቹ ናቸው።

ትልቅ ተቋምም ከዚህ አያመልጥም። ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና ኒው ኦርሊንስን ስትመታ የከተማዋ አኳሪየም ሕንፃ ማዕበሉን ተቋቁሞ ነበር። ከቀናት በኋላ ግን የመጠባበቂያ ጄኔሬተሩ ቆመ፤ 10,000 ገደማ ከሚሆኑት ዓሣዎች አብዛኞቹ አለቁ። ፔንግዊኖቹና የባሕር ኦተሮቹ ተርፈው ወደ ካሊፎርኒያው ሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም ተወሰዱ። እነዚህ እንስሳት አየር የሚስቡት ከውሃው ሳይሆን ከውሃው በላይ ነው።

ስለዚህ በቤት ውስጥ መጀመሪያ ገንዘብ የሚወጣበት ዕቃ ጄኔሬተር መሆን የለበትም። በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ዋጋዋ ጥቂት ነው፣ የምታድነው ግን ብዙ። ሶኬት ላይ ተሰክታ የምትጠብቅና መብራት ሲጠፋ ራሷ የምትነሳ ዓይነት አለች፤ ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ለሚጠፋ መብራት ከእሷ የሚሻል የለም። ሁለት ነገር ግን ትፈልጋለች። አንደኛ፣ ከውሃው ከፍታ በላይ መቀመጥ አለባት፤ ያለዚያ በቆመች ጊዜ ውሃው በቱቦው ተስቦ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ሁለተኛ፣ በቱቦው ጫፍ ያለውን አረፋ አውጪ ጨው ይደፍነዋል፤ አልፎ አልፎ ውሃ ውስጥ ከቶ አረፋው ደቃቅና እኩል ሆኖ መውጣቱን ማየት ያስፈልጋል። ሣጥን ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ የቆየ መሣሪያ በዚያች ሌሊት አይታመንም።

ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ባትሪ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሒሳቡን ሳይሠራ ይገዛል። 1,000 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 300 ዋት ማሞቂያን ያለማቋረጥ ካንቀሳቀሰ ሦስት ሰዓት ከምናምን ብቻ ይቆያል። ያው ባትሪ 10 ዋት የምትወስድ ፓምፕን ግን፣ በወረቀት ላይ ሲሰላ፣ 100 ሰዓት ያንቀሳቅሳል። በተግባር የባትሪውን ኃይል ለሶኬት ዕቃ የሚቀይረው ኢንቨርተር ራሱ ይበላል፤ እሱም 10 ዋት ከወሰደ ሰዓቱ በግማሽ ይወርዳል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሰዎች በቀጥታ ከባትሪ የምትሠራ ፓምፕ የሚመርጡት። ለኮምፒውተር የተሠራው፣ ዩፒኤስ የሚባለው የመጠባበቂያ ባትሪም ማሞቂያ ለመሸከም አልተሠራም፤ ትንሽ የአየር ፓምፕ ቢሰካበት ግን ባለቤቱ ከሥራ እስኪደርስ ፋታ ይሰጣል።

ሙቀትን በተመለከተ ጥበቡ መቆጠብ ነው። በፌብሩዋሪ 2014 በጆርጂያ እንደወረደው ዓይነት በረዶ መጥቶ ቤቱ ሲቀዘቅዝ የገንዳው ጎንና ጎን በብርድ ልብስ ይሸፈናል፣ አናቱ ግን ክፍት ይሁን፤ አየር የሚገባው በዚያ ነውና። ክብሪት ተጭሮለት የሚሠራ የጋዝ ምድጃ ካለ ውሃ አሙቆ፣ በጠርሙስ ከድኖ ገንዳው ውስጥ ማንሳፈፍ ይቻላል፤ ለውጡ ቀስ ብሎ ይምጣ፣ በሰዓት ከአንድ ዲግሪ አይበልጥ። በሙቀት ጊዜ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ የከረመ የበረዶ ጠርሙስ ያንኑ ሥራ በተቃራኒው ይሠራል።

አንድ ነገር ግን ያለ ማለሳለስ መባል አለበት። ለቡና የተገዛውን ከሰል ቤት ውስጥ አቀጣጥሎ መሞቅ ይገድላል፤ ጄኔሬተርን ጋራዥ ውስጥ ማስነሳትም እንዲሁ። ሽታ የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ የሚያስተኛው ዓሣውን ሳይሆን ቤተሰቡን ነው። ጄኔሬተር ከቤቱ ቢያንስ ስድስት ሜትር ርቆ፣ የጭስ መውጫው ከበርና ከመስኮት ዞሮ ይቆማል። ያን ማድረግ ካልተቻለ ገንዳው ይቅር።

መብራት ሲጠፋ ውሃ ወደ ወለሉ እንዳይፈስ ደግሞ በደህና ቀን የሚፈተሽ ነገር አለ። በብዙ ቤት ከዋናው ገንዳ በታች፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ሳምፕ የሚባል ሁለተኛ ገንዳ አለ። ፓምፑ ውሃውን ወደ ላይ ይገፋል፣ ውሃው በራሱ ወደ ታች ይመለሳል። መብራት ሲጠፋ ገፊው ይቆማል፣ ወራጁ ግን አይቆምም፤ የመመለሻው ቱቦ አፍም ውሃ ውስጥ ከጠለቀ ውሃውን መልሶ ይስባል። ይህን ለማስቆም ቱቦው ላይ፣ ከውሃው ገጽ አጠገብ፣ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል። ያችን ቀዳዳ አንዲት ቀንድ አውጣ ወይም የአልጌ ቅንጣት ከደፈነቻት ሳምፑ ሞልቶ ምንጣፉ ላይ ይፈስሳል። ፈተናው ሶኬቱን በእጅ ነቅሎ፣ ውሃው እስኪረጋ ቆሞ ማየት ነው፤ ሳምፑ ሳይሞላ ከረጋ ቤቱ ዝግጁ ነው።

መብራት ሲመለስም አደጋው አላበቃም። ውሃው ወርዶ ከውሃ በላይ የቀረ ማሞቂያ ደርቆ ሲነሳ መስታወቱ ይሰነጠቃል። ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ስኪመርም አረፋውን ጽዋው እስኪትረፈረፍ ሊተፋ ይችላል። ስለዚህ ሁሉም ሶኬት በአንድ ጊዜ አይለቀቅም፤ መጀመሪያ የውሃ ማንቀሳቀሻው፣ ከፍታው ሲስተካከል ማሞቂያው፣ ውሎ አድሮ ስኪመሩ። ምግብ እስከ ማግስቱ አይሰጥም። አሞኒያ ይለካል፤ ከታየ፣ አስቀድሞ በጨው ተበጥብጦ በተዘጋጀ ውሃ ከገንዳው አሥር ወይም ሃያ በመቶው ይቀየራል።

ተከድኖ የሚሠራ ማጣሪያ ላለው ሰው ትልቁ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ነው። በዚያ ጣሳ ውስጥ የታሰረው ውሃ ፓምፑ በቆመ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ባክቴሪያዎቹ መሞት ይጀምራሉ። መብራት ሲመለስ ፓምፑ ያንን ሁሉ ወደ ዓሣዎቹ ይገፋዋል። ማጣሪያው ሳይነሳ ተነቅሎ ይከፈት፤ ጠረኑ የገማ እንቁላል ከሆነ ውሃው ወደ ማጠቢያው ይደፋል፣ ስፖንጁም ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ታጥቦ ከጠራ በኋላ ብቻ ይመለሳል።