ብርጭቆው በግራ በኩል

ለንደን ውስጥ የወይን ጠጅ አሳላፊነት ስማር መጀመሪያ የተነገረኝ ብርጭቆ በእንግዳው ቀኝ እንደሚቀመጥ ነበር። ሰሜን ለንደን ወዳለ የሐበሻ ምግብ ቤት ስዛወር ይህን ትምህርት በመጀመሪያው ሳምንት ተውኩት። ቀኝ እጅ እንጀራ ይቆርሳል፤ ጣቶቹ ቅባትና በርበሬ ይነካሉ። በዚያ እጅ የተያዘ ብርጭቆ ያሙለጨልጫል፤ የወይኑም መዓዛ በወጡ ሽታ ይሸፈናል። ስለዚህ ብርጭቆውን በግራ አኖራለሁ። መሶቡ ዙሪያ ማስቀመጫ ስለሌለው ከጎኑ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ አስጠጋለሁ።

ለእኛ ገበታ ከነጭ ወይኖች ሁሉ ሻርዶኔን የማስቀድመው በእንጀራ ምክንያት ነው። ሰው ወይን ሲመርጥ ወጡን ያያል፤ ዶሮ ነው በግ፣ ቀይ ነው አልጫ ይላል። እኔ የማየው እንጀራውን ነው፤ በእያንዳንዱ ጉርሻ አፍ የሚገባው እሱ ነውና። በደንብ የቦካ እንጀራ ይኮመጥጣል። ከእሱ ያነሰ ኮምጣጣነት ያለው ወይን አጠገቡ ሲጠጣ ውሃ ውሃ ይላል። እዚህ ከተማ ደግሞ እንጀራው ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሚመጣ የጤፍ እንጀራ አለ፣ እዚሁ ከሌላ ዱቄት ተቀላቅሎ የሚጋገር ለስላሳም አለ። በየቀኑ አንድም ቡሽ ሳልነቅል የዕለቱን እንጀራ ቁራሽ እቀምሳለሁ።

ሻርዶኔ ፍሬው ሲበዛ ጭምት ነው። የአገሩን አየርና የጠማቂውን እጅ ይቀበላል። በፈረንሳይ ቡርጎኝ ሰሜናዊ ጫፍ ያለው ሻብሊ ቀዝቃዛና ኖራማ አፈር ያለው ስለሆነ፣ ወይኑ ሎሚና አረንጓዴ ፖም ይሸታል፤ አብዛኛው በበርሜል ሳይሆን በብረት ጋን ይቆያል። (ጠርሙሱ ላይ የፍሬው ስም ብዙ ጊዜ ስለማይጻፍ «ሻርዶኔ አልወድም፤ ሻብሊ ስጠኝ» የሚለኝ እንግዳ አይጠፋም።) ሌላው መንገድ በባሉጥ በርሜል ውስጥ ከነአንቡላው ለወራት ማሳደር ነው። በዚህ ጊዜ ባክቴሪያ የወይኑን ስለታም ማሊክ አሲድ ወደ ለስላሳው ላክቲክ አሲድ ይለውጠዋል። ላክቲክ አሲድ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ወተቱን እርጎ የሚያደርገው፣ በእርሾ የተነሳውን ሊጥ የሚያኮመጥጠው እሱ ነው። በዚያው ሂደት ዲያሴቲል የሚባል ውህድ ይወጣል፤ የቅቤን መዓዛ ከሚሰጡት አንዱ ነው። ይህን ስማር ክትፎና አይብ ትዝ አሉኝ፤ የበርሜሉን ሻርዶኔ ከለብለብ ክትፎ ጋር የማቀርበው ከዚያ ወዲህ ነው። አልጫ ወጥም፣ እርዱና ቅቤው ከዚህ ወይን ጋር እንደ ዘመድ ይገናኛሉ።

ዶሮ ወጥ ግን አስተምሮኛል። ጀማሪ ሳለሁ አልኮሉ 14.5 በመቶ የሆነ፣ በርሜል በርሜል የሚል የካሊፎርኒያ ሻርዶኔ ቀዳሁለትና እንግዶቼ አፋቸው ተቃጠለ። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፤ የባሉጡም ምሬት ይወጣል። አሁን ለቀይ ወጥ በርሜል ያልነካው፣ ከ12.5 እስከ 13 በመቶ የሆነ፣ ፍሬው በፀሐይ በደንብ የበሰለ እፈልጋለሁ፤ ለረጅም ሰዓት የተቁላላው ሽንኩርት ጣፋጭነት ያለው ስለሆነ ደረቅ ወይን አጠገቡ ይከሳል።

አንድ እሁድ አንድ አዛውንት ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ የሪፍት ቫሊ ሻርዶኔ ይዘው ገቡ። ካስቴል የተባለው ኩባንያ ዝዋይ አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ያለማው ወይን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ለገበያ የቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

«ልጄ፣ ይኼን ለክብር ክፈትልኝ እንጂ ለዶሮ ወጥስ ነጭ አይሆንም» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ልቅዳልዎት፤ ካልተስማማዎት ቀዩን አመጣለሁ።»

ጠርሙሱን በረዶ ውስጥ ጥቂት አቆየሁት። ለበርሜሉ ሻርዶኔ 12 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ከቤት ማቀዝቀዣ ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ካልቆየ መዓዛው ይታፈናል። በርበሬ ባለበት ግን ወይኑን ወደ 9 ዲግሪ አወርደዋለሁ፤ ቅዝቃዜው ምላስን ያሳርፋል። ጋሼ ቀመሱ፤ እንቁላሉን በእንጀራ ጠቅልለው ጎረሱ፤ ደግመው ቀመሱ። ምንም አላሉም። ቀዩን ግን አልጠየቁም።

የጠርሙሱ ቀሪ ለሽሮ ደረሰ። ሽሮና አዚፋ በጾም ቀን የሻብሊ ናቸው፤ ዘይቱን ኮምጣጣው ይቆርጠዋል። ለሳምቡሳ ደግሞ ከሻርዶኔ ብቻ የተጠመቀ፣ አረፋ የሚሰጥ የኬንት ወይን እከፍታለሁ።

አዋዜ ለነካው ጥሬ ሥጋ እስካሁን የሚስማማ ሻርዶኔ አላገኘሁለትም። ለእሱ ጠጅ በብርሌ እቀዳለሁ።